ናፍጣ በኖዝል ቀዳዳ ሲያልፍ፦ ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ምኑን ነው?

ከጅቡቲ ተነስተው በአዋሽ፣ በመተሐራና በወለንጪቲ አድርገው አዳማ የሚገቡት ከባድ መኪናዎች ጭነታቸው ይለያያል። አንዱ ብረት፣ ሌላው ማዳበሪያ፣ ሌላው ኮንቴይነር ይጭናል። ሞተራቸው ውስጥ ግን የሚካሄደው ነገር አንድ ነው። ናፍጣ በኖዝል፣ ማለትም ነዳጁን ሲሊንደር ውስጥ በሚረጨው አፍ፣ ላይ ባለች ከፀጉር ብዙም በማትወፍር ቀዳዳ በኩል ይወረወራል። አዲሶቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ ከድምፅ ፈጥኖ ይወረወራል።

ይህን ቆሞ የሚያይ የለም። ቀዳዳዋ ያለችው ብረት ውስጥ ነው። ናፍጣው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍባት ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ መሐንዲሶች በኮምፒውተር ያሰሉታል። ስሌቱን ሲሙሌሽን ይሉታል። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚደነቀው በግፊቱ ነው። እኔ ግን ትልቁ ነገር ያለው የቀዳዳዋ መግቢያ ጠርዝ ላይ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በመጀመሪያ መጠኑን እንወቅ። አንድ የናፍጣ ኖዝል ጫፉ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀዳዳ ይኖረዋል። የእያንዳንዷ ስፋት ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠሩት የድሮ ሞተሮች ላይ ኖዝሉ የሚከፈተው ግፊቱ 200 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመጣው ኮመን ሬል ግን ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ አምቆ ይጠብቃል። ግፊቱም ዛሬ 2,000 ባር ገደማ ደርሷል፤ 2,500 የሚነካም አለ። የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋው በ8 ባር አካባቢ ነው። ልዩነቱን ከዚህ አስሉት።

ይህ ሁሉ ግፊት ለምን አስፈለገ? ናፍጣ በደንብ የሚቃጠለው ጉም ሲሆን ነው። ጠብታው በደቀቀ ቁጥር ከአየር ጋር ቶሎ ይቀላቀላል። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው፤ ኖዝሉ ተከፍቶ የሚዘጋው ከአንድ እስከ ሁለት ሺህኛ ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያች ቅጽበት ነዳጁ ወጥቶ፣ ደቅቆ፣ ተቀላቅሎ መቀጣጠል አለበት። ካልሆነለት ጥቁር ጭስ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል።

ፍጥነቱን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ያስተዋወቀው ሐሳብ ይበቃል። ግፊቱን በ2 አባዙ፤ በፈሳሹ እፍጋት (አንድ ሜትር ኩቡ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን) አካፍሉ፤ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። በላቫጆ እንሞክረው። የመኪና ማጠቢያ ማሽን 120 ባር ይሰጣል እንበል። ይህ 12 ሚሊዮን ፓስካል ነው። በ2 ስናባዛው 24 ሚሊዮን፣ በውሃ እፍጋት በ1,000 ስናካፍለው 24,000 ይሆናል። ስኩዌር ሩቱ 155 ነው። ውሃው በሰከንድ 155 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 560 ኪሎ ሜትር ይወረወራል ማለት ነው። አዳማ ላይ በየላቫጆው በር የምታዩት ጭቃ እንዲያ የሚላጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ናፍጣ እንሂድ። 2,000 ባር ግፊት፣ 835 እፍጋት። ውጤቱ በሰከንድ 690 ሜትር ገደማ ነው። ከሲሊንደሩ በኩል የሚመልሰው ግፊትና በመንገድ የሚጠፋው ሲቀነስ 600 አካባቢ ይቀራል። ድምፅ በተራ አየር ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ግፊቱ ከ200 ወደ 2,000 ባር አሥር እጥፍ ሲያድግ ፍጥነቱ የሚያድገው ሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ስኩዌር ሩት ስስታም ነው።

እግረ መንገዴን፦ በሚረጭ ኖዝል ፊት እጅ አይዘረጋም። 200 ባር ያለው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል፤ ጓንትም አያስጥልም። ቁስሉ ከላይ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ውስጥ ለውስጥ ግን ናፍጣው በሥጋው መካከል ይሠራጫል። «ምንም አይደል፣ ያልፋል» ተብሎ የሚታደር ጉዳት አይደለም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ጠርዟ

ፍጥነቱን በቀላል ቀመር ካገኘን ኮምፒውተር ለምን እናስቸግራለን? ምክንያቱም ቀመሩ ስንት ናፍጣ እንደሚያልፍ አይነግረንም። ፍጥነቱን በቀዳዳዋ አፍ የቆዳ ስፋት (ኤሪያ) ብታባዙ የሚመጣው ቁጥር በተግባር ከሚለካው ይበልጣል። መግቢያው ሹል ጠርዝ ያለው ቀዳዳ የሚያሳልፈው ከዚያ ስሌት 60 በመቶውን ያህል ነው። የቀረው 40 በመቶ የት ገባ?

ፈሳሹ ወደ ቀዳዳዋ የሚመጣው ከሁሉም አቅጣጫ ነው። ከጎን የሚመጣው ጠርዙ ላይ ሲደርስ ቆሞ መዞር አይችልም፤ የያዘው ፍጥነት አለ። ስለዚህ ወደ መሐል እየተገፋ ይገባል። ከግድግዳው ይላቀቅና ወደ ውስጥ ይጠባል። ቀዳዳዋ 0.12 ሚሊ ሜትር ብትሆንም ናፍጣው የሚጠቀምበት መንገድ ከዚያ የጠበበ ነው። ግድግዳው አጠገብ የሚቀረው ቦታ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ፈሳሽ ይይዘዋል።

ያቺን ጠርዝ በጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ብቻ ብታዶለዱሟት፣ ማለትም ሹልነቷን ብታጠፉት፣ ፈሳሹ ግድግዳውን ተከትሎ ይገባል። የሚያልፈው ናፍጣም ከ60 ወደ 80 እና 90 በመቶ ይወጣል። ግፊቱ ያው ነው። ስፋቷ ያው ነው። የተለወጠው በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታይ ነገር ነው። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ አሸዋ መሰል ብናኝ ያለበት ፈሳሽ በግፊት በቀዳዳዎቹ ውስጥ እያሳለፉ ጠርዙን ሆን ብለው ያዶለዱሙታል። ኖዝል ስትገዙ ኦርጅናሉና ተመሳስሎ የተሠራው በዓይን አንድ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚህ ነው።

እሳት ሳይነካው የሚፈላ

ጠርዟ ሌላም ነገር ታደርጋለች። ፈሳሽ በጠባብ ቦታ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል። ናፍጣው ጠርዙን ዞሮ በጠበበው መንገድ ሲሮጥ ግፊቱ እጅግ ይወርዳል፤ እስኪፈላ ድረስ።

መፍላት የሙቀት ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። የአዳማ ሰው ግን ማስረጃው ደጁ ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ የሚፈላው 94 እና 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሾፌሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚያፈላው ሻይ ግን 100 ዲግሪ ይደርሳል። ግፊት ሲያንስ መፍያው ይወርዳል። ይህን እየቀነስን ብንሄድ ግፊቱ 0.023 ባር ሲደርስ ውሃ በ20 ዲግሪ፣ በክፍል ሙቀት፣ ይፈላል። ናፍጣ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ጠርዟ ጀርባ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ። ይህን ካቪቴሽን ይሉታል። አረፋዎቹ ትንሽ ሄደው ግፊቱ ወደተመለሰበት ቦታ ሲደርሱ ይፈርሳሉ። አፈራረሳቸው ግን ለስላሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት አንዲት አረፋ ስትፈርስ የሚነሳው ግፊት ምን ያህል እንደሆነ አሰላ። ያኔ ጭንቁ የመርከብ ፕሮፔለር እየተበላ ማስቸገሩ ነበር። ስሌቱ እንዳሳየው መፍረሻዋ ላይ የሚነሳው ግፊት ብረት ለመብላት የሚበቃ ነው። የውሃ ፓምፕና ተርባይን የሚጠግኑ ሰዎች ብረቱ ላይ የሚያዩት ጉድጓዳ ጉድጓድ የዚሁ ሥራ ነው።

ደስ የሚለው፣ ካቪቴሽን ሁልጊዜ ጠላት አይሆንም። አረፋዎቹ ናፍጣውን ስለሚበጠብጡት ከቀዳዳዋ ሲወጣ ቶሎ ጉም ይሆናል። ደግሞም ቀዳዳዋን በአረፋ ካጨናነቋት በኋላ በሲሊንደሩ በኩል ያለው ግፊት የፈለገውን ያህል ቢወርድ የሚያልፈው ናፍጣ አይጨምርም፤ መንገዱ ታንቋል። መሐንዲስ ይህን ካላወቀ የሚያልፈውን ናፍጣ በስህተት ያሰላል።

ሣጥኖቹ

የፈሳሽን እንቅስቃሴ የሚገልጹት ቀመሮች አዲስ አይደሉም። ፈረንሳዊው ናቪዬ እ.ኤ.አ. በ1822፣ ስቶክስ ደግሞ በ1845 አስቀመጧቸው። ቀመሮቹ በሁሉም ሁኔታ መልስ እንዳላቸው ያረጋገጠ ግን እስከ ዛሬ የለም። ይህን ለሚያረጋግጥ ወይም ለሚያፈርስ ሰው ክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አስቀምጧል። ገንዘቡ አሁንም እዚያው ነው።

መልሱ በወረቀት ካልተገኘ መቆራረጥ ነው። የቀዳዳዋን ውስጥ በትናንሽ ሣጥኖች ይከፋፍሉታል። ከዚያ እያንዳንዱ ሣጥን እንደ ሱቅ ደብተር ይያዛል። ስንት ናፍጣ ገባ? ስንት ወጣ? ስንት ቀረ? ጉልበቱስ? ሙቀቱስ? ከአንዱ ሣጥን የወጣው የግድ ጎረቤቱ ደብተር ላይ መግባት አለበት። የሚጠፋ ነገር የለም። በዚህ በኩል ሲሙሌሽን ምንም ምትሐት የለውም፤ ታጋሽ የሒሳብ ሥራ ነው።

ችግሩ ብዛቱ ነው። የሣጥኑን ጎን 2 ማይክሮን እናድርግ። 0.12 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ወደ 1.4 ሚሊዮን ሣጥን ትፈልጋለች። ጊዜም ይቆራረጣል። ናፍጣው በአንድ እርምጃ ከአንድ ሣጥን በላይ ዘሎ ካለፈ ሒሳቡ ይበላሻል። በሰከንድ 600 ሜትር ለሚሮጥ ነገር 2 ማይክሮን ማለት 3 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ እርምጃው ከዚያ ማነስ አለበት። 2.5 ቢሊዮንኛ ብንል አንድ ሺህኛ ሰከንድ ለማስላት 400,000 እርምጃ ይወጣል። በእያንዳንዱ እርምጃ 1.4 ሚሊዮን ደብተር ይመረመራል። ከ500 ቢሊዮን በላይ ምርመራ ሆነ። ያውም ለአንዲት ቀዳዳ፣ ለአንዲት ብልጭታ።

ይህም አይበቃም። ናፍጣው በዚህ ፍጥነት ሲሄድ ተረጋግቶ አይፈስም፤ ይታወካል፤ ትንሹ እሽክርክሪት ከሣጥናችን ያንሳል። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 ፈሳሽ መቼ እንደሚታወክ የሚለይበትን ቁጥር አሳየ። የኛ ቀዳዳ ላይ ቁጥሩ ከ20,000 ይበልጣል። እያንዳንዷን እሽክርክሪት እናስላ ብንል ሣጥኑ በቢሊዮን ይቆጠራል። ስለዚህ ይደራደራሉ። አንዳንዱ ትላልቆቹን እያሰላ ትናንሾቹን ይገምታል። ሌላው ሁሉንም በአማካይ ይይዛል። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ የአረፋዎቹን መውጣት መውረድ ግን አደብዝዞ ያልፈዋል።

ከፍተኛ ግፊት ሲጨመር ሌላ ጣጣ ይመጣል። ትምህርት ቤት «ፈሳሽ አይታመቅም» ተብለን አድገናል። 200 ባር ላይ ብዙም አይዋሽም። 2,000 ባር ላይ ግን ናፍጣ መጠኑ በመቶኛ ሲሰላ ብዙ ይቀንሳል፤ በጣም ይወፍራልም፣ ማለትም መፍሰስ ይከብደዋል። ወደ ቀዳዳዋ ገብቶ ግፊቱ ሲለቅ ደግሞ መልሶ ይሰፋል። ግድግዳው አጠገብ በሰበቃ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል። እነዚህ ሁሉ በአንዲት ሚሊ ሜትር ውስጥ ይሆናሉ። እፍጋቱንና ውፍረቱን ቋሚ ቁጥር አድርጎ የጀመረ ሰው የሚያገኘው ውጤት ሥዕሉ ቢያምርም ቁጥሩ ይስታል።

አረፋዎቹስ? አንድ በአንድ አይሰሉም፤ አይቻልም። በየሣጥኑ «ስንቱ እጅ እንፋሎት ነው?» ተብሎ ይመዘገባል። ናፍጣው በምን ፍጥነት ወደ እንፋሎት እንደሚለወጥና እንደሚመለስ የሚወስኑ ቁጥሮች አሉ። እነዚህን የሚያስተካክለው ሰው ነው። እዚህ ላይ ጥርጣሬዬን አልደብቅም። ቁጥሮቹን እየነካካ ውጤቱን ወደ ፈለገበት የሚያመጣ ሰው ይኖራል። ሲሙሌሽን ያሳያችሁን ሰው «ይህንን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ማለት ነውር የለውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ወደዚያችው ጠርዝ እንመለሳለን። ኮምፒውተሩ የሚያሰላው የተሰጠውን ቅርጽ ነው። በሥዕሉ ላይ ቀዳዳዋ ፍጹም ክብ ናት፤ ጠርዟም በትክክል ዶልዱማለች። እውነተኛዋ ግን እንደዚያ አይደለችም። በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች እርስ በርስ የሚያመሳክሩበት «ስፕሬይ ኤ» የሚባል የጋራ መለኪያ አለ። ቀዳዳዋ 0.09 ሚሊ ሜትር ናት፤ ግፊቱ 1,500 ባር ነው። በአንድ ዝርዝር መሠረት የተሠሩት ኖዝሎች በኤክስሬይ ሲፈተሹ ስፋታቸውም ቅርጻቸውም ትንሽ ትንሽ ተለያይቶ ተገኘ። ትንሽ ሲባል ቀላል አይምሰላችሁ። የሚያልፈው ናፍጣ የሚያድገው በስፋቷ ስኩዌር ስለሆነ፣ ስፋቷ በ5 በመቶ ቢሳሳት እሱ በ10 በመቶ ገደማ ይሳሳታል። 500 ቢሊዮን ምርመራ አድርጋችሁ መነሻው ላይ 10 በመቶ መሳት ያናድዳል።

አዳማ ጋራዥ ውስጥ ያለው የኖዝል መፈተሻ በዚህ በኩል ከኮምፒውተሩ ይበልጣል። መካኒኩ ኖዝሉን ያስርና ማንሻውን በእጁ ይጫናል። ጌጁ ላይ በስንት ባር እንደተከፈተ ያያል። ጉም መስሎ መርጨት ሲገባው ቀጭን ክር ሠርቶ የሚሸና ከሆነ፣ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ወይም ተዘግቶ ከተንጠባጠበ ወዲያው ይለየዋል። መሣሪያው የሚፈትነው እውነተኛዋን ጠርዝ ነው፤ ያለቀችውን፣ የቆሸሸችውን፣ በመጥፎ ፊልትሮ ሰበብ የተፋቀችውን። ጉድለቱ ደግሞ የድሮውን ግፊት እንጂ የኮመን ሬልን 2,000 ባር በእጅ ማንሻ ማምጣት አለመቻሉ ነው። ለዚያ ሌላ ትልቅ መፈተሻ ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ስንት እንደወጣ ይለካል እንጂ ውስጥ ምን እንደሆነ አያሳይም። ለውስጡ ሲሙሌሽን የግድ ነው።

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ምሕንድስና የሚማር ወጣት ይህን መሞከር ቢፈልግ በውድ ሶፍትዌር መጀመር የለበትም። ኦፕንፎም የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ተራ ላፕቶፕም መላውን ኖዝል ባይችል የአንዲት ቀዳዳ ቁራጭ ይችላል። ፈሳሹ ዙሪያውን እኩል ነው ብላችሁ እንደ ፒዛ ቁራጭ ስስ ቅርጽ ብትቆርጡ ሣጥኑ ወደ 15,000 ገደማ ይወርዳል። ውጤቱን አምናችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ሣጥኖቹን በግማሽ አሳንሳችሁ ድገሙት። መልሱ ከተለወጠ ገና ነው።

ከዚያም በፊት ግን በእጅ የሚለካ ነገር ልጠቁም። 120 ባር የሚሰጥ የላቫጆ ማሽን ፈልጉ። ውሃው በአንዲት ክብ ቀዳዳ የሚወጣበት አፍ ይኑረው፤ ስፋቷ 1.2 ሚሊ ሜትር ትሁን። ግፊቱን አፉ አጠገብ ለኩ፤ ረጅም ቱቦ ግፊት ይበላል። መርጫውን በርሜል ውስጥ አስገብታችሁ፣ እጃችሁን አርቃችሁ፣ 20 ሊትር እስኪሞላ ሰዓት ያዙ። በርኑሊ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ 6 ሰከንድ ሲቀረው ይሞላል ይላል። ሁለት ደቂቃ ከሩብ አካባቢ ከወሰደ ጠርዙ ዶልዷማ ነው። ከሦስት ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ሹል ነው፤ ሲሙሌሽናችሁንም ሹል ጠርዝ ይዛችሁ ጀምሩ።